የእንጀራ ልጅና የክረምት ጨዋታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤



ስለ ጋብቻ በሚጻፈውና በሚነገረው ሁሉ ውስጥ የሠርግ ወጪና የፍቺ መበርከት ሳይነሡ የቀሩበት ጊዜ የለም። እኔ ግን ዛሬ በዚህ ዓምድ ላንሣው የምፈልገው ከሠርጉ ማግሥት ጀምሮ በየቤቱ የሚኖርና ብዙ የማይነገርለት ነገር ነው። ይኸውም ከተጋቢዎቹ አንዱ ወይም ሁለቱም ልጅ ይዘው ሲጋቡ በቤቱ ውስጥ የሚገኘው የእንጀራ ልጅ ጉዳይ ነው። ነገሩን ከክረምት ጋራ አያይዤ የምጽፈውም ያለ ምክንያት አይደለም። በክረምት ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ ዝናቡና ጭቃው ሰውን ሁሉ ከአንድ ጣራ ሥር ይሰበስበዋል፤ በበጋ በሥራና በትምህርት ተሸፍኖ የከረመው ኩርፊያ ሁሉ በዚያን ጊዜ ይገለጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለው ቤት የሚፈርሰውም የሚጸናውም በክረምት ነው ብል ከእውነት የራቅሁ አይመስለኝም።

ቋንቋችን ለዚህ ዝምድና የሰጠው ስም ራሱ ሊታሰብበት ይገባል። የእንጀራ አባት፣ የእንጀራ እናት፣ የእንጀራ ልጅ እንላለን። ብዙ ሰው ይህን ስም እንደ ማሳነሻ ይወስደዋል፤ ደም ሳይኖር በእንጀራ ብቻ የተገናኙ ለማለት ነው። በተረቶቻችንም የእንጀራ እናት ስትነሣ አብዛኛውን ጊዜ ጨካኝ፣ ለራሷ ልጅ ሥጋውን ለሌላዋ አጥንቱን የምትሰጥ ሆና ነው። ነገር ግን እንጀራ በአገራችን እንዲህ የሚናቅ ነገር አይደለም። ሰው ሥራውን «እንጀራዬ ነው» ይላል፤ ከአንድ መሶብ የቈረሱ ሰዎችም መካካድን እንደ ነውር ይቈጥሩታል። እንግዲህ የእንጀራ አባት መባል አደራ የተሸከመ ስም እንጂ የሚታፈርበት አይደለም። የሚያሳፍረው እንጀራውን ሰጥቶ ፊት መንሣት ነው።

የመምህርነት ሥራ ይህን ነገር ከቅርብ ያሳያል። ተማሪ በሚመዘገብበት ወቅት አንድ ሰው ሦስት ልጆች አስከትሎ ይመጣል። የሁለቱን ስም ስንጽፍ የአባታቸው ስም የሰውየው ስም ነው፤ የሦስተኛው ተራ ሲደርስና «የአባት ስም?» ብለን ስንጠይቅ ግን ልጁ መሬት መሬት ያያል፤ ሰውየውም ጉሮሮውን ይጠርጋል። በአገራችን ልማድ የቤተ ሰብ የጋራ ስም ስለሌለና እያንዳንዱ በአባቱ ስም ስለሚጠራ፣ ከእንጀራ አባቱ ጋራ የሚኖር ልጅ ይህን ልዩነት በመዝገብ፣ በፈተና ወረቀትና በስም ጥሪ ሁልጊዜ ሲሰማው ይኖራል። አንድ ጊዜ እንዲህ ባለው ሰዓት አንድ የእንጀራ አባት ፈጠን ብሎ የልጁን ሟች አባት ስም በሙሉ ድምፅ ከጠራ በኋላ «ነፍሱን ይማረውና ጐበዝ ሰው ነበር» አለ። ልጁ በዚያን ጊዜ ከመሬት ቀና አለ። ስለ እንጀራ አባትነት ብዙ መጽሐፍ ባይነበብ እንኳ ከዚያች አንዲት ንግግር ብዙ ትምህርት ማግኘት ይቻላል።

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ ባልና ሚስት ተያይተው፣ ተመራርጠው፣ ሽማግሌ ተላልከው ይጋባሉ። ልጁ ግን ከሌላ ምንጭ ተቀድቶ የመጣ ነው። እርሱ አልመረጠም፤ አልተጠየቀም፤ ወደ እርሱ የተላከ ሽማግሌም የለም። አንድ ቀን ጧት ሲነሣ አባቱ ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ሌላ ሰው ተቀምጦ ያገኛል። እናቱ ደስ ባላት ሰሞን እርሱ ኀዘን ላይ ቢሆን ምን ያስደንቃል? ብዙ ሰው ግን ይህን ኀዘን ዐመፅ ይለዋል፤ ዐመፅ ካለውም በኋላ መድኃኒቱ አለንጋ ይመስለዋል።

ቅዱሳት መጻሕፍትን ያነበበ ሰው ነገሩ አዲስ እንዳልሆነ ያውቃል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 21 እንደምናነበው በአብርሃም ቤት የተነሣው ጠብ የተቀሰቀሰው በልጅ ጨዋታ ነው። ሣራ የአጋርን ልጅ ሲጫወት፣ በሌላው ትርጕም ሲሳለቅ፣ አየችና እናትና ልጁ እንዲባረሩ ጠየቀች። አብርሃምም ነገሩ እጅግ ቢያስጨንቀውም በማለዳ ተነሥቶ እንጀራና አንድ አቍማዳ ውሃ አስይዞ ሰደዳቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ደግሞ ዮሴፍ ከእርሱ ያልተወለደውን ሕፃን ለማዳን በሌሊት ተነሥቶ ሕፃኑንና እናቱን ይዞ ወደ ግብፅ እንደ ወረደ ተጽፏል። በአራቱም ወንጌላት ዮሴፍ ተናገረው የተባለ አንድ ቃል እንኳ አናገኝም፤ የተጻፈለት ሥራው ነው። የእንጀራ አባት የሆነ ሁሉ ይህን ቢያስተውል፣ በቤቱ ውስጥ አብዝቶ ከመናገር ይልቅ አብዝቶ ማድረግ እንደሚሻል ይረዳዋል።

በእንዲህ ያለው ቤት ከሁሉ በፊት የሚያጣላው የመጠሪያ ነገር ነው። እናት ልጇን «ከዛሬ ጀምሮ አባባ በለው» ብላ ታዝዘዋለች። ልጁ ቃሉ ከአፉ አልወጣ ይለዋል፤ ዝም ሲልም ባለጌ ይባላል። ለዚህ ችግር ቋንቋችን መፍትሔ እያለው መጣላት አያስፈልግም። ጋሼ የሚለው መጠሪያ ክብር አለው፤ የማንንም አባት ግን ከቦታው አያስነሣም። እንደዚሁም ለእንጀራ እናት እትዬ ማለት ይበቃል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳልና፣ ልጁ ከልቡ አባባ ለማለት የሚፈልግበት ቀን ከመጣ ማንም ሳያዝዘው ይላል። ያ ቀን ባይመጣም፣ ጋሼ እያለ በፍቅር ያደገ ልጅ፣ አባባ እያለ በፍርሃት ካደገው ይበልጣል።

አሁን ወደ ክረምቱ ልመለስ። በአገራችን አቈጣጠር ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። ለገበሬው ይህ ወራት የዕረፍት አይደለም፤ እርሻው፣ አረሙና ከብት ጥበቃው ልጅ አዋቂ ሳይል ያሠራል። ቢሆንም በገጠርም ሆነ በከተማ ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ያለው ሰዓት የቤተ ሰብ ነው። እኔ በምኖርበት በደብረ ብርሃን፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለው ከተማ፣ የሐምሌ ብርድ ቀልድ አያውቅም፤ ሰው ከበግ ጠጕር የተሠራውን ባና ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል። (በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላሳስብ። በር መስኮት ዘግቶ የከሰል ማንደጃ አጠገብ መተኛት ይገድላል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው አየር ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይወስደዋል። ከመኝታ በፊት ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ።)

በዚህ የእሳት ዳር ሰዓት ዛሬ የሚታየው ምንድን ነው? አባት ወደ መጠጥ ቤት ይሄዳል፤ እናት ከወጥ ቤት አትወጣም፤ ልጆች እያንዳንዳቸው በተንቀሳቃሽ ስልካቸው ላይ አቀርቅረዋል። አንድ ቤት ውስጥ አምስት ሰው ተቀምጦ አምስት ቤት ይሆናል። በደም በተሳሰረ ቤተ ሰብ ይህ ጕዳቱ ቀስ ብሎ የሚታይ ነው። የእንጀራ ቤተ ሰብ ግን የሚያያይዘው የቈየ ትዝታ ስለሌለው፣ አብሮ ካልተጫወተና አብሮ ካልሣቀ ገና ሳይሠራ ይፈርሳል። ትዝታ ደግሞ በትእዛዝ አይገኝም፤ አብሮ በመዋልና በማምሸት ይገኛል። የክረምት ጨዋታ ጥቅሙ ይህ ነው። ስለዚህ ማንም ሰው ያለ ብዙ ወጪ በቤቱ ሊያደርጋቸው የሚችሉትን ጥቂቶቹን ልዘርዝር።

1ኛ፤ ገበጣ። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ስለ ገበጣ ባሳተሙት ጥናት ይህ ጨዋታ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ ዓይነት እንዳለው አሳይተዋል። ባለ ሁለት ረድፍም ባለ ሦስት ረድፍም አለ። ቀላሉ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ጕድጓድ፣ በየጕድጓዱም አራት አራት ጠጠር፣ በጠቅላላው 48 ጠጠር ያለው ነው። የእንጨት ገበጣ የሌለው ሰው ከእንቍላል መያዣ ካርቶን ሁለት ረድፍ ቈርጦ ባቄላ ቢያደርግበት ያው ነው። የገበጣ ትልቁ ነገር ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑ ነው። የእንጀራ አባት በቤቱ ሁሉ አዛዥ ቢሆን በገበጣው ላይ ግን ማዘዝ አይችልም፤ የአሥር ዓመት ልጅ በትክክል ቈጥሮ ይበልጠዋል። ልጁ ያለ አድልዎ ማሸነፍ እንደሚችል ያየበት ቤት፣ ያለ አድልዎ ሊኖርበት የሚችል ቤት መሆኑን ማመን ይጀምራል። ታዲያ አዋቂው አውቆ አይሸነፍ፤ ልጅ ይህን ፈጥኖ ያውቃል፤ እንደ ንቀትም ይቈጥረዋል።

2ኛ፤ እንቆቅልሽ። ይህ ጨዋታ ምንም ዕቃ አያስፈልገውም። ጠያቂው «እንቆቅልህ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ይላል፤ መልሱ ከጠፋውም አገር ይሰጣል። በአንድ ጎረቤቴ ቤት አንድ የእንጀራ ልጅ መልስ እየጠፋው ጎንደርን፣ ጅማን፣ ሐረርን አከታትሎ ሰጠ። ቀጥሎ ሌሎቹ ልጆች «መንዝን ስጥ» ቢሉት እንቢ አለ፤ አባቱ የተወለደው መንዝ ነበርና። ልጆቹ በሣቁበት ጊዜ የእንጀራ አባቱ «ልክ ነው፤ መንዝ የአባትህ ነው፤ ብትሰጠኝም አልቀበልህም» አለው። ልጁም ጥቂት አሰብ አድርጎ «እንግዲያስ ጋሼ፣ ደብረ ብርሃንን ይውሰዱ» አለ። ያሉበትን፣ አብረው የሚኖሩበትን አገር መስጠቱ ነው። ሽማግሌ ተቀምጦበት የማይፈታ ነገር አንዳንድ ጊዜ እንዲህ በጨዋታ መካከል ይፈታል።

3ኛ፤ ተረት። ተረት ተረት ሲባል የላም በረት እያለ የሚቀበል ልጅ በአንድ አፍ የሚመልስ ማኅበርተኛ ይሆናል። እዚህ ላይ ለአዋቂዎች አንድ ምክር አለኝ። ክፉዋን የእንጀራ እናት የሚያነሡትን ተረቶች እንዲህ ባለው ቤት መተው ይሻላል፤ ሌላ ተረት ሞልቶናል። ደግሞም ሁልጊዜ ተራኪው አዋቂው ብቻ አይሁን። ልጁ «አባቴ ይነግረኝ የነበረ ተረት አለ» ያለ እንደ ሆነ ሁሉም ዝም ብሎ ይስማው። የሞተ ወይም የተለየ አባት ከቤቱ ጨርሶ እንዲወጣ የሚፈልግ የእንጀራ አባት ልጁንም አብሮ ያስወጣል። አባቱ በተረቱ እየገባ እሳት ዳር ቢቀመጥ ግን ማንንም አያጣብብም።

4ኛ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ። ከፍ ላሉት ልጆች እንደ ሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር ያለውን፣ በ1958 ዓ.ም. የታተመውንና ክረምቱን ሙሉ ሊያስነብብ የሚችለውን ረዥም መጽሐፍ በየማታው ጥቂት ጥቂት ገጽ በተራ ማንበብ ይቻላል። ይህ መጽሐፍ በሬዲዮ በተተረከ ጊዜ ሰው የወጋየሁ ንጋቱን ድምፅ ለመስማት እንዴት ይሰበሰብ እንደ ነበረ ታላላቆቻችን ያስታውሳሉ። ያ የሬዲዮ ማምሻ በየቤታችን በልጆቻችን ድምፅ ሊመለስ ይችላል። ንባባቸውም ይሻሻላል፤ በመስከረም ወደ ክፍል ሲመለሱ እኛ መምህራኑ ልዩነቱን እናውቀዋለን።

5ኛ፤ የእጅ ሥራ። ጥጥ መፍተል፣ የበግ ጠጕር ማባዘት፣ ስፌት መስፋት፣ ዳንቴል መሥራት ወሬን የማይከለክል ሥራ ነው። እጅ ሥራ ሲይዝ ዐይን ለዐይን መተያየት ስለሚቀር ልጅ በፊት ለፊት ጥያቄ የማይናገረውን በዚያን ጊዜ ይናገራል። የእንጀራ እናት ከባልዋ ልጅ ጋራ አንዲት ሙዳይ ሰፍታ ብትጨርስ፣ ሙዳይዋ ለሁለቱም የጋራ ታሪክ ትሆናለች።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጨዋታ ፍትሕ ከሌለበት ከንቱ ነው። በብዙ ቤት የተለመደ አንድ ክፉ ነገር አለ። የቤቱ ልጆች ገበጣ ሲጫወቱ የእንጀራ ልጂቱ ውሃ ትቀዳለች፤ ቡና ትቈላለች፤ ዕቃ ታጥባለች። ጨዋታውን የምትሰማው ከጓዳ ሆና ነው። በስም ልጅ፣ በሥራ ሠራተኛ ናት። አንዳንዲቱም ክረምቱን «ዘመድ ቤት ትረፍ» ተብላ ወደ ሌላ ከተማ ትላክና በሰኔ ከክፍል የተለየናት ተማሪ በመስከረም ሳትመጣ ትቀራለች። ብንጠይቅ የሰው ቤት ልጅ እየጠበቀች፣ የሰው ልብስ እያጠበች ነው። በዚህ ዓይነት ከመዝገብ የሚሠረዘው የአንዲት ልጅ ስም ብቻ ሳይሆን ዕድሏም ጭምር ነው። ስለዚህ ሥራው ለወንድም ለሴትም፣ ለወለዱትም ለእንጀራውም ልጅ በተራ ይደልደል፤ ጨዋታውም ሁሉ ሰው ሥራውን ጨርሶ ሲቀመጥ ይጀመር። ነሐሴ 13 ቀን በቡሄ የሚጋገረው ሙልሙልም እኩል ይሁን። ሟች አባቱ እናት ያሉት ልጅ ካለ ደግሞ አንድ ሙልሙል ተይዞለት አያቱን ይጠይቅ። በዚያች ሙልሙል የሁለት ቤት ሰላም ይጠበቃል።

ጨዋታ የማይፈታው፣ ሕግ የሚፈታው ነገርም አለ። በእንዲህ ያለው ቤት ብዙው ጠብ ላይ ላዩን የጠባይ ይመስላል እንጂ ሥሩ ንብረት ነው። ልጁ ከፍ ሲል «ይህ የአባቴ ቤት ነው» ይላል፤ የእንጀራ አባትም «እኔ ያደስሁት ቤት ነው» ይላል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቍጥር 213፣ ተጋቢዎች ከጋብቻው በፊት የነበራቸው ንብረት የግል ሆኖ እንደሚቀር ይደነግጋል፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። እንግዲህ የሟች ንብረት የትኛው፣ የእናት ድርሻ የትኛው፣ የልጆች ውርስ የትኛው መሆኑ ከአዲሱ ሠርግ በፊት በሽማግሌና በወረቀት ቢለይ ኋላ ፍርድ ቤት መመላለስ ይቀራል። ይህን መጠየቅ አለመተማመን አይደለም፤ ለፍቅር አጥር መሥራት ነው።

የእንጀራ ልጅ የእንጀራ አባቱን ንብረት በሕግ በኩል በቀጥታ አይወርስም። ልወርሰው ሳይሆን ላወርሰው እፈልጋለሁ የሚል ሰው ግን ኑዛዜ አለለት፤ ጉዲፈቻም አለለት። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን፣ የኦሮሞ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ ያልወለደውን ልጅ እንደ ወለደው የሚያሳድግበት የከበረ ባህል ነው። የቤተ ሰብ ሕጉም ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት እንዲጸድቅ ያዝዛል፤ የተወሰደው ልጅ ከተወለደበት ቤተ ሰብ ጋራ ያለው ዝምድና እንደማይቋረጥም ይናገራል። ሕግ እንኳ ልጁን አባትህን ካድ ሳይለው እኛ በየቤታችን ካድ ማለታችን ምን የሚሉት ነው?

ለጎረቤትና ለዘመድም የምለው አለኝ። እናቱ የሞተችበትን ልጅ መንገድ ላይ ይዞ «የእንጀራ እናትህ ታበላሃለች? አትመታህም?» እያሉ መጠየቅ ርኅራኄ አይደለም። ልጁ ያላሰበውን ጥርጣሬ በልቡ መዝራት ነው። በእውነት የሚበደል ልጅ ሲያዩ ዝም ማለት ኀጢአት ነው፤ ለሽማግሌ፣ ለመምህር፣ ካስፈለገም ለፖሊስ ማሳወቅ ይገባል። በደል ሳይኖር ግን በተረት የሰሙትን ክፋት በሰው ላይ መጫን ሌላ በደል ነው። ያልወለደችውን ልጅ ታጥባ፣ አልብሳ፣ ትኵሳት ሲይዘው አብራው ነግታ፣ ምስጋና ሳታገኝ የምትኖር የእንጀራ እናት በየመንደሩ አለች። እርስዋን በስሟ ብቻ መፍረድ ተገቢ አይደለም።

ተጋቢዎችን በመጨረሻ የምለምነው ይህን ነው። ልጅ ይዛችሁ ስትጋቡ የምታገቡት አንድ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ዕወቁ። ለሠርጉ ድንኳን ስትጨነቁ ለልጁ መኝታ ቦታም ተጨነቁ። እርሱን የመቅጣት ሥልጣን ከመፈለጋችሁ በፊት አብሮት የመጫወት ትዕግሥት ይኑራችሁ። ጧት ተቈጥቶ ማታ ገበጣ ማቅረብ ይቻላል፤ ማታ ተጫውቶ የማያውቅ ሰው ጧት ሲቈጣ ግን የሚሰማው የለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩ ፈትል በፈትል ሲያያዝ ነው፤ ያ ፈትል ደግሞ በዚህ በያዝነው ክረምት፣ በየማታው፣ በየእሳቱ ዳር ሊፈተል ይችላል።



አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከደብረ ብርሃን